የኮንዶሚኒየም ኩሽናችንን ያደሰልን ድርጅት ሥራ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም በገባበት ዕለት የኮንዶሚኒየም ቤታችንን ኩሽና ከነሴራሚኩ አስነሥተን እንደ አዲስ ማሠራት ጀመርን። ሥራውን በውል የወሰደው ካቢኔት በራሱ ወርክሾፕ የሚያመርት፣ የግራናይት፣ የሴራሚክና የቧንቧ ሥራውንም አጠቃልሎ የሚይዝ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የምጽፈው ለተመሳሳይ ሥራ ገንዘብ እያጠራቀመ ላለ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ እንጂ አንዱን ለማወደስ ወይም ለማጥላላት አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ የጠበቅሁትም ካቢኔት በተገጠመ ሳምንት ሁሉም ስለሚያምር፣ የሥራው ጥራት የሚታወቀው ግን እንፋሎት፣ ዘይትና ውሃ ካገኘው በኋላ ስለሆነ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የድርጅቱ አናጢዎችና የድንጋይ ቆራጮች እጃቸው ጥሩ ነው። የጊዜ አጠባበቃቸው ግን ደካማ ነው፤ በ25 የሥራ ቀናት ይጠናቀቃል የተባለው ሥራ 82 ቀን ፈጅቷል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን መዘግየቱ ሳይሆን፣ ኩሽናውን የነደፉት ባለሙያዎች እንጀራ የሚጋገርበት ቤት መሆኑን ሳይጠይቁ መለካት መጀመራቸው ነው። የኋላ ኋላ ያጋጠሙን ችግሮች አብዛኞቹ ከዚያ ካልተጠየቀ ጥያቄ የመነጩ ናቸው።

ቤታችን በ20/80 መርሐ ግብር የደረሰን ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ የምንኖረውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኩሽናው 1.80 ሜትር በ2.90 ሜትር ሲሆን፣ በአንድ በኩል ወደ ጠባብ በረንዳ የሚያወጣ በር አለው። ስንረከበው ከአንዲት ማጠቢያና ከሲሚንቶ መደብ በቀር ምንም አልነበረበትም። ለዓመታት ዕቃችንን በፕላስቲክ መደርደሪያና በካርቶን ስናስቀምጥ ቆይተን፣ ልጆቻችን ከፍ ሲሉና አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ ቦታው ጨርሶ አልበቃ አለን።

መጀመሪያ ሦስት ድርጅቶችን ዋጋ ጠየቅን። ሦስቱም የካቢኔቱን ዋጋ ያሰሉት በካሬ ሜትር ነው፤ ይሁንና አንደኛው የመሳቢያዎቹን ሐዲድና ማጠፊያውን ዋጋው ውስጥ ሲያካትት፣ ሌላው ለብቻ ያስከፍል ነበር። ስለዚህ በካሬ ሜትር የተጠራውን ዋጋ ብቻ ይዞ ማወዳደር ያሳስታል፤ ባለ መሳቢያ ካቢኔት ባለ አንድ በር ከሆነው ይልቅ ብዙ ዕቃና ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ፣ ርካሹ ዋጋ ብዙውን ጊዜ መሳቢያ የሌለበት ንድፍ ሆኖ ይገኛል። እኛ የመረጥነው ድርጅት በካሬ ሜትር 18,500 ብር ጠየቀን፤ ግራናይቱ፣ ሴራሚኩ፣ የቧንቧ ሥራውና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል ውሉ 352,000 ብር ሆነ። ዋጋው የሚጸናው ለ10 ቀናት ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ተገልጾልን ነበር። ይህ ሲሰሙት የሚያስጨንቅ ቢሆንም ምክንያቱ ይገባኛል። የብር የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ደርሷል፤ ካቢኔቱ የሚሠራበት ጣውላ ኤምዲኤፉም፣ ማጠፊያውም፣ የመሳቢያው ሐዲድም በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐቀኛ ነጋዴም ቢሆን የሦስት ወር ዋጋ መያዝ ይቸግረዋል።

ለመለካት የመጣው ወጣት ባለሙያ ትሑትና ጠንቃቃ ነበር። ግድግዳዎቹን በሌዘር መለኪያ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለየብቻ ለካ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ልስኑ እኩል ስላልሆነ በአንዱ ጥግ ከላይና ከታች የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አገኘ። ይህን ሳይለኩ ካቢኔት የቆረጡ ሰዎች በኋላ ክፍተቱን በሲሊከን ሲደፍኑ በጎረቤት ቤት አይቻለሁ፤ የእኛ ግን ከግድግዳው ጋር ልክክ ብሎ ገጥሟል። በሳምንቱ ንድፉን በኮምፒውተር ሠርቶ አመጣልን። ነጭ የሚያብረቀርቁ በሮች፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥቁር ግራናይት፣ ከላይም እስከ ኮርኒሱ የደረሰ ካቢኔት ነበር። ባለቤቴና እኔ ወደድነው። አማቴ ግን ምስሉን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉት።

ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፣ «እማማ፣ ግራናይቱ ላይ ይቀመጣል፤ ካልሆነም በረንዳ ላይ ማድረግ ይቻላል» ሲል መለሰላቸው። አማቴም፣ «በክረምት በረንዳ ላይ ኤሌክትሪክ ሰክቼ ልጋግር? ግራናይቱማ ደረቴ ድረስ ነው» አሉ። ከዚያም ተነሥተው ምጣዱን ከነአክንባሎው አሳዩት፤ ክርናቸውንም አጥፈው ከፍታውን በእጃቸው ጠቆሙት። ለንድፉ ከወጣው ድካም ሁሉ የዚያን ዕለት የአምስት ደቂቃ ንግግር ያህል የጠቀመን የለም።

ነገሩን በቁጥር ሳስቀምጠው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በተለመደው ልክ የታችኛው ካቢኔት ከነግራናይቱ ከወለል 88 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነማቀፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስላለው፣ እንጀራ የሚጋገርበት ገጽ 108 ሳንቲ ሜትር ላይ ሊያርፍ ነው። ሊጡን ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እያዞረ የሚያፈስ ሰው ክንዱ ከምጣዱ በላይ በነጻነት መዞር አለበት፤ አማቴም ሆኑ እኔ ደግሞ ቁመታችን 1.55 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክርናችን ከ96 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ሊጥ የያዘ ዕቃ ከክርን በላይ አንሥቶ በጋለ ምጣድ ላይ 30 እንጀራ መጋገር ትከሻ ያቃጥላል፤ ለእጅም አደገኛ ነው። በዚያ ላይ ቦታው የሚለካው በምጣዱ ስፋት ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን የሊጡ ባልዲ፣ በሌላው ወገን እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ ማረፊያ ያስፈልጋል፤ አክንባሎውም ሲነሣ የሚደገፍበት ቦታ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከበረንዳው በር አጠገብ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ከካቢኔቱ ተቀንሶ፣ በአንግል ብረት ላይ ያረፈ 62 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዝቅተኛ የግራናይት መደብ እንዲሠራ አስለወጥን። ከምጣዱ በላይ ሊንጠለጠል የነበረው ካቢኔትም ቀረ። ድርጅቱ ለዚህ ለውጥ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀንም፤ ይህንን በጎነታቸውን አመሰግናለሁ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ለአዲስ አበባ ቤተሰቦች ኩሽና የሚሠራ ድርጅት የምጣድን ቦታ ከደንበኛው አማት መስማት አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። ከሌሎቹ ሁለት ድርጅቶችም አንዱ እንኳ አልጠየቀንም። በካታሎጉ ላይ ያሉት ሥዕሎች ከሌላ አገር ኩሽና የተወሰዱ ናቸው፤ በእነዚያ ቤቶች ደግሞ የሊጥ ባልዲም፣ ምጣድም፣ ሙቀጫም የለም።

የኤሌክትሪኩም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ምጣዳችን 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በኩሽናው የነበረው መስመር ግን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ሆኖ በባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚሠራ ነበር፤ ፍሪጁም የሚሠራው በዚሁ መስመር ነው። ለዓመታት ምጣዱ በጋለ ቁጥር ብሬከሩ ሲወርድ፣ እኛም ፍሪጁን እየነቀልን ስንጋግር ኖረናል። የድርጅቱ ኤሌክትሪሺያን ይህን ያየው ሴራሚኩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ለምጣዱ ብቻ የሚያገለግል 4 ካሬ ሽቦ ከዋናው ሳጥን ድረስ ዘርግቶ ባለ 25 አምፔር ብሬከር አስገባለት። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አንድ ጊዜም አልወረደም። ነገር ግን ውሉ ውስጥ ስላልነበረ 17,400 ብር ተጨማሪ ከፍለናል። ውል ከመፈረሙ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ሳጥኑን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ዋጋውን አስቀድመን እናውቀው ነበር፤ ስለዚህ ማንኛውም ሰው ከካቢኔቱ ቀለም በፊት ይህን እንዲያስፈትሽ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ዕቃዎቹ ጥራት ጥቂት ልበል። የካቢኔቱ አካል 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው። ኤምዲኤፍ ከተፈጨ እንጨት በሙጫ የሚጠፈጠፍ ስለሆነ ፊቱ ሜላሚን በሚባለው ስስ ሽፋን ተሸፍኖ ሳለ ውሃ አያሳልፍም፤ የተቆረጠው ጠርዙ ግን ካልታሸገ እንደ ዳቦ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ድርጅቱ የበሮቹን ጠርዝ በማሽን በደንብ አሽጓል። በማጠቢያው ሥር ላለው ካቢኔት ግን ኮምፔርሳቶ እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ በእኛ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ቧንቧ ሳይዘጋ ተረስቶ ሌሊት ውሃው ሲለቀቅ የማጠቢያው ሥር መራሱ የማይቀር ነው። በዚያው ቦታ ሁለት ጀሪካን ስለምናስቀምጥም ከታች ያለው ጣውላ ከ40 ኪሎ በላይ መሸከም አለበት። ይህንንም ማንም አልጠየቀንም።

ለመደቡ እብነ በረድ ወይስ ግራናይት የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን አከራክሮ ነበር። ባለቤቴ ነጭ እብነ በረድ ወዶ ነበር፤ የአገራችን እብነ በረድ በእርግጥም ውብ ነው። የድንጋይ ቆራጩ ግን በወርክሾፑ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ላዩ ላይ ሎሚ ጨመቀበት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲጠርገው የነካው ቦታ ድምቀቱን አጥቶ ደብዝዞ ታየን። እብነ በረድ በባሕርዩ እንደ ኖራ ድንጋይ ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ ብቻም አይደለም፤ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ፣ ከሊጥ ባልዲ የሚንጠባጠብ ኤርሾም ቢሆን ምልክት ይተውበታል። እርድና በርበሬም በነጭ ድንጋይ ላይ ቀለማቸውን ይጥላሉ። ጥቁር ግራናይት መረጥን፤ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ነጠብጣብ አልያዘም። ያ ሠራተኛ ውዱን ድንጋይ ሸጦ ዝም ማለት ሲችል እውነቱን ስላሳየን፣ በዚህ ድርጅት ካገኘሁት አገልግሎት ሁሉ የእርሱን አስቀድማለሁ።

ማጠቢያውን ስትመርጡ የቤታችሁን ትልቅ ድስት ይዛችሁ ሂዱ። ድርጅቱ መጀመሪያ ያቀረበልን ባለ ሁለት ጎድጓዳ ማጠቢያ እያንዳንዱ ጎድጓዳ 37 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ስለነበረው የዶሮ ወጥ ድስታችን ተጋድሞም አይገባበትም ነበር። ወደ አንድ ሰፊና ጥልቅ ጎድጓዳ አስለወጥነው። እንዲሁ ደግሞ የታችኛው ካቢኔት መደርደሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስለነበረው ባለ 20 ሊትሩ የሊጥ ባልዲ አልቆም አለበት፤ መደርደሪያውን በማውጣት ችግሩ ተፈታ።

አሁን ወደ 82ቱ ቀናት ልምጣ። ዕቅዳችን የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ጾሙ ሲገባ ኩሽናውን አፍርሰን፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ከመድረሱ በፊት በሰፊው መጨረስ ነበር። በጾም ወራት ምግቡ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ስለሆነ፣ ሥጋና ወተት ማቆያ ሳያሳስበን በአንድ ምድጃ መኖር እንችላለን ብለን አሰብን፤ ይህ ሐሳብ በራሱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብሆን ያንኑ ወቅት እመርጣለሁ። ፍሪጁን ወደ ሳሎን፣ ባለ አንድ ራስ የጋዝ ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣን። በከሰል በቤት ውስጥ ለማብሰል ጨርሶ አልሞከርንም፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ የሚያስከትለው አደጋ የታወቀ ነው። ዕቃ የምናጥበው በመታጠቢያ ቤት በሳፋ ተንበርክከን ነበር፤ ከሁሉ የከበደኝም እርሱ ነው፤ ማታ ማታ ወገቤን ይዤ ነበር የምነሣው።

እንጀራ የጋገርነው በግቢያችን በሚገኘው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነው። እነዚህ ሕንፃዎች ኮንዶሚኒየሞቹ ሲነደፉ በጠባብ ቤት ውስጥ የማይቻለውን፣ እንጀራ መጋገርን፣ በግ ማረድንና ልብስ ማጠብን፣ ነዋሪው በጋራ እንዲያከናውንባቸው የተሠሩ ናቸው። በየግቢው ለኪራይና ለስብሰባ የዋሉ ብዙ ናቸው፤ የእኛ ግን አንዱ ክፍል አሁንም ለመጋገሪያ ክፍት ነው። አማቴ በየሦስት ቀኑ ጠዋት ባልዲያቸውን አስይዘው ይወርዱ ነበር፤ ከሌላ ብሎክ የመጡ እናቶች ጋርም በዚያው ተወዳጅተው ቀሩ።

አቧራው ሌላ ፈተና ነበር። ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሴራሚኩን ቤት ውስጥ በዲስክ መቁረጫ ሲቆርጥ ነጭ ዱቄት በየክፍሉ ገባ፤ መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሁትን የበርበሬ ዕቃ ስከፍት በክዳኑ ዙሪያ ነጭ መስመር ተሠርቶ አገኘሁ። አቤት ስንል የሥራ ኃላፊው መቁረጫውን ወደ ግቢ አወረደው፤ እየቆረጡም ውሃ እንዲያፈሱበት አደረገ፤ በኩሽናው በር ላይም እርጥብ አንሶላ ሰቀልን። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደረግ የነበረበት ነው። ጎረቤቶቻችንን ግን አስቀድመን አነጋግረን ስለነበር፣ ድምፅ ያለው ሥራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተስማምተን ማንም አልተቀየመብንም።

የመዘግየቱ ምክንያት አንድ አይደለም። ሴራሚኩ በልኩ 8 ካሬ ሜትር ተገዝቶ፣ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ቢያንስ አንድ አሥረኛ ያህል ትርፍ ስላልታሰበለት መሃል ላይ አለቀ። ሁለተኛ ሲገዛ የካርቶኑ የምርት ቁጥር የተለየ ሆኖ ቀለሙ ትንሽ ደመቀ፤ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ አዲሱን ከፍሪጁ ጀርባ ለጥፈው፣ ከዚያ የነቀሉትን በፊት ለፊቱ አደረጉት። ለዚህም 6,200 ብርና ዘጠኝ ቀን ሄደ። የግራናይቱ መዘግየት በከፊል የሥራው ጠባይ ነው፤ ድንጋዩ የሚለካው የታችኛው ካቢኔት ቆሞ ከተስተካከለ በኋላ እንጂ በንድፉ ላይ አይደለም፤ አለበለዚያ የማጠቢያው ቀዳዳ ይስታል። ይሁን እንጂ ካቢኔቱ ራሱ የቆመው መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ቀብዳችንን ተቀብሎ ሳለ የመሳቢያውን ሐዲድና ማጠፊያውን ያዘዘው ዘግይቶ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከወርክሾፑ ሠራተኛ ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ የሚነገረን «ነገ ይመጣል» የሚል ብቻ ነበር። በትክክል ሁለት ሳምንት ይዘገያል ብለው ቢነግሩን ኖሮ በዓሉን በሌላ መንገድ እናቅድ ነበር። በቅሬታዬ ሁሉ ውስጥ የሚያመኝ ይህ ነው።

ፋሲካ የደረሰው ካቢኔቱ ቆሞ፣ መደቡ ግን ባዶ ሆኖ ነው። አማቴ የዶሮውን ወጥ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምረው በበረንዳው ባለ አንድ ራስ ምድጃ ላይ ሠሩት። ሽንኩርቱን እያቁላሉ፣ ዕንቁላሉን ለመቀቀል ድስቱን አውርደው፣ እንደገና ድስቱን እየመለሱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ቆሙ። እኔ የዶሮውን ብልቶች በመታጠቢያ ቤት በሳፋ ውስጥ በሎሚና በጨው ሳጥብ፣ ትንሿ ልጄ የእጅ ባትሪ ይዛ ታበራልኝ ነበር፤ የዚያ ክፍል አምፖል ተቃጥሎ ነበርና። በዓሉ ደስ ብሎን አለፈ። ሆኖም ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት እንደዚያ ማድከም አይገባም ነበር።

የቧንቧው ሥራ ከሁሉ ደካማው ነው። ማጠቢያው ከነበረበት ግድግዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ከቁልቁለቱ የፍሳሽ ቧንቧ 1.60 ሜትር ራቀ። ፍሳሽ ሳይዘጋ እንዲወርድ በአንድ ሜትር ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማዘቅዘቅ አለበት፤ ለእኛ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። እነርሱ ግን ለጥ አድርገው ዘረጉት። ሥራው ካለቀ በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ወደ ኋላ መመለስ፣ ሲፎኑም መሽተት ጀመረ፤ ከዚያ ቀጥሎ በሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ኮርኒሳቸው ላይ ቢጫ እርጥበት አሳዩን። ለማዛወሪያው 19,000 ብር ከውሉ ውጭ ከፍለን ስለነበር ጉዳዩን በቁም ነገር ያዝነው። ድርጅቱ ስንደውል በማግስቱ መጣ፤ የካቢኔቱን ጀርባ ከፍቶ ቧንቧውን በትክክለኛው ዝቅታ እንደገና ዘረጋ፤ የጎረቤታችንንም ኮርኒስ በራሱ ወጪ ቀባ። ስሕተታቸውን ሳይከራከሩ ማረማቸውን አከብራለሁ። ማንም ሰው ሥራ ሲረከብ ግን ማጠቢያውን እስከ አፉ ሞልቶ በአንድ ጊዜ ይልቀቀው፤ ሲፎኑን በደረቅ ወረቀት ይዳብሰው፤ ከዚያም ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት ይጠይቅ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ በርክክቡ ዕለት እንደርስበት ነበር።

ሥራው የተጠናቀቀው ግንቦት 9 ነው፤ ጠቅላላ የከፈልነውም 394,600 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው አገልግሎት በአብዛኛው የሚያስደስት ነው። መሳቢያዎቹ ዛሬም ያለ ድምፅ ይከፈታሉ፤ የትኛውም በር አልዘመመም። ብልሽት የታየው በአንድ ቦታ ነው። ከምጣዱ በላይ ካቢኔት እንዳይኖር ብናደርግም፣ በስተቀኝ ያለው የላይኛው ካቢኔት ጎን ከምጣዱ ሃያ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር የራቀው። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ነጭ እንፋሎት እየተጠቀለለ ወደዚያ ይሄዳል፤ በካቢኔቱ የታች ጠርዝ ላይ ጠብታ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ቀጣዩ እንጀራ ሳይወጣም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በአምስተኛው ወር ጠርዙ አብጦ ሜላሚኑ ተገለበጠ። የታችኛውን ጠርዝ ለምን በማሽን እንዳላሸጉት ስጠይቅ፣ የማይታይ ስለሆነ ነው አሉኝ። በዚህ አገር ኩሽና ግን እንፋሎት የሚያገኘው ያንኑ የማይታየውን ጠርዝ ነው። ጎኑን በነጻ ቀይረው፣ አራቱንም ጠርዝ አሽገው፣ በመስኮቱም ላይ አየር ማውጫ ማራገቢያ እንድናስገባ መከሩን፤ ማራገቢያውን ራሳችን ገዝተን ካስገባን በኋላ ጠብታው ቆሟል።

ለዚህ ድርጅት ሥራ ለመስጠት ለሚያስብ ሰው አትሂድ አልለውም። የአከፋፈሉን ሁኔታ ግን እንዲለውጥ እመክረዋለሁ። እኛ 60 በመቶ በቀብድ፣ 30 በመቶ ካቢኔቱ ቤት ሲደርስ፣ የቀረውን 10 በመቶ በርክክብ ከፈልን፤ ካቢኔቱ ከደረሰ በኋላ በእጃችን የቀረው ገንዘብ ትንሽ ስለነበር የእኛ ሥራ ወደ ኋላ ተገፋ፤ የአዲስ ደንበኛ ቀብድ በእኛ አሥር በመቶ ላይ በለጠ። ቢያንስ 20 በመቶ ለርክክብ ይቆይ፤ ግራናይቱ የሚገጠምበት ቀንም በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ። የማጠፊያውና የሐዲዱ ዓይነት፣ የጠርዙ አስተሻሸግ፣ የኤሌክትሪኩ መስመርና የፍሳሹ ዝቅታም ውሉ ላይ በስማቸው ይስፈሩ። ለካቢኔት የሰጡን የአንድ ዓመት ዋስትና በማኅተም የተረጋገጠ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተጠቅመንበታል፤ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል በቀላሉ አይመጡም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዋስትናው የሚያበቃው ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መጥተው በግራናይቱና በግድግዳው መካከል ያለውን የሲሊከን መስመር እንዲያድሱልን፣ ከምጣዱ መደብ ሥር ያለውንም አንግል ብረት ዝገት መከላከያ ቀለም እንዲቀቡልን ቀጠሮ ይዘናል። አማቴ ቀጠሮው እንጀራ በማይጋገርበት ቀን እንዲሆን ጠይቀው፣ ያ የመጀመሪያው ወጣት ባለሙያ ራሱ ደውሎ የትኛው ቀን እንደሚመቻቸው ጠየቃቸው።